የታኅሣሥ ዓሣ አርፍዶ ይነሣል

ባሕር ዳርን በሙቀቷ ብቻ የሚያውቅ ሰው ታኅሣሥ ላይ ገና ሳይነጋ ጣና ዳር ቢቆም ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ቀን ላይ 26 ዲግሪ የሚደርሰው አየር ሌሊት ወደ 8 ይወርዳል። ሣሩ በጤዛ ከመራሱ የተነሣ ዝናብ የዘነበ ይመስላል። አሥር እርምጃ ሳትሄዱ ካልሲያችሁ ይረጥባል። ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ከላዩ ላይ ጉም ይነሣል። ክብራን ገብርኤል ከነደሴቱ ይሰወርና የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይቀራል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የራሴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ጣና ዳር በመንጠቆ አሳልፌአለሁ። ጀልባ የለኝም፤ መረብም የለኝም። ያለኝ አንድ ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ እና ሥራ ቦታዬ ወለል ላይ የምለቅማቸው የጎማ ባላንስ እርሳሶች ናቸው። ትንሹ 5 ግራም ነው፤ ከዚያ 10፣ 15 እያለ ይወጣል። ክብደቱ ራሱ ላይ ተጽፏል። ክር ማጥለቂያ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ነገር ገዝቼ አላውቅም።

ሰሞኑን ሁለት የሰፈር ልጆች መጥተው "በብርድ ዓሣው የት ነው የሚገባው?" ብለው ጠየቁኝ። ቆሜ ልመልስላቸው ሞከርኩ፤ የባጃጅ ጎማ ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች ስለነበሩ ግማሹን ብቻ ነገርኳቸው። ይኸው ሙሉውን ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልናገር። እኛ ቤት ፀሐይ ከወጣች በኋላ መተኛት ነውር ነበር። ዓሣ ማጥመድም ማልዶ ለተነሣ ሰው የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ እወርድ ነበር። በግንቦት ይህ ጥሩ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን አራት ዓመት ሙሉ እየተንቀጠቀጥኩ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መረበኞቹን ወቀስኩ። እምቦጩን ወቀስኩ። መንጠቆ ቀየርኩ። ጨረቃንም ሳልወቅስ አልቀረሁም።

አንድ ጥር ላይ ከጣና ዳር ነባር ነዋሪዎች ከወይጦዎች ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ በአጠገቤ አለፉ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ከባድ ስለነበረች ቀስ ብለው ነበር የሚቀዝፉት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ክሩን አዩ።

"ልጄ፣ ማንን ነው የምትቀሰቅሰው?" አሉኝ።

"ዓሣ ነዋ፣ አባባ።"

"እሱማ ተኝቷል። እስቲ ድንጋዩን ዳስሰው።"

ዳሰስኩት። በረዶ ነው።

"ድንጋዩ ሲሞቅ ይነሣል" ብለው ቀዘፉ።

የጣና ዳር ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ድሮ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ። ሐይቁም የተፈጠረው እንዲህ ያለው ድንጋይ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው። ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ እንዳገኘ ቶሎ ይሞቃል። ዳር ዳሩ ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ በሌሊት ከመሐሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታውም ቀድሞ ይሞቃል። ዓሣው ይህን ያውቃል። ሌሊት ወደ ጠለቅ ያለው ፈቀቅ ይልና ረፋድ ላይ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ክር ስጥል የነበረው ማንም በሌለበት ቤት ነበር ማለት ነው።

ዓሣ እንደኛ የራሱን ሙቀት ይዞ አይዞርም። ውሃው የሆነውን ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ሆዱም ይቀዘቅዛል፤ የበላውን ለመፍጨት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ይበላል። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ በተለይ ሙቀት ወዳድ ነው። ውሃው ከ25 በላይ ሲሆን እንደ ልቡ ይበላል፤ ወደ 20 ሲወርድ ምግቡን ይቀንሳል። ወንድሜ በላከልኝ ትንሽ ቴርሞሜትር ባለፈው ቅዳሜ ለካሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጉልበት በሚደርስ ውሃ 19 ነበር። 5 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ 22 ሆነ። ሦስት ዲግሪ ለኛ ኮት ማውለቂያ እንኳ አይሆንም። ለቆሮሶ ግን የቁርስ ደወል ነው።

ስለ ወንድሜ ካነሣሁ አይቀር ልንገራችሁ። ታናሼ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ የምትባል ከተማ ይኖራል። የቼሳፒክ ሰርጥ ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው። እሱም እንደኔ ከዳር ሆኖ ያጠምዳል፤ ግን ጨው ውሃ ላይ፣ ፈቃድ አውጥቶ። በእነሱ ጥር ውሃው 8 ዲግሪ አካባቢ እንደሚሆን ነግሮኛል። መጀመሪያ ሲነግረኝ አላመንኩትም። በዚያ ውሃ ውስጥ ምን ይኖራል? "ይኖራል እንጂ" አለኝ። ስፔክልድ ትራውት የሚሉት ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ዓሣ በብርድ ጊዜ ወደ ትንንሾቹ የባሕር ገባሮች ገብቶ ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልጋል። እዚያ ተጠጋግተው ይከርማሉ። ብርዱ በድንገት ከበረታባቸው ደንዝዘው ይንሳፈፋሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ስለዚህ የእነሱ አጥማጅ ሰው ማልዶ አይወጣም። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። እሱ የሚመርጠው ከቀትር በኋላ የሚሸሸውን ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

"ፀሐይ ጥቁሩን ጭቃ ስታሞቀው ትውላለች። ውሃው ሲመለስ ያንን ሙቀት ይዞ ይወርዳል" አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ሽማግሌው ጥቁር ድንጋይ አሉኝ፤ ወንድሜ ጥቁር ጭቃ አለኝ። አንዱ ጣናን እንጂ ሌላ ውሃ አያውቁም። ሌላው ከአትላንቲክ ዳር ነው የሚያወራኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በብርድ ወራት ሰዓት አይቼ ክር ጥዬ አላውቅም፤ ድንጋይ ነው የምዳስሰው።

በነገራችን ላይ ወንድሜ "የክረምት ዓሣ" እያለ ቪዲዮ ሲልክልኝ እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ግራ ይጋባሉ። ለኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጭቃ። ቁሩ የሚመጣው በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ደመና ለምድር ብርድ ልብሷ ነው። ታኅሣሥ ላይ ያ ልብስ ይገፈፋል፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይሄዳል። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን የጠለቀው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ስስ ነው፤ እንደ ምጣድ። ለዚህ ነው ነፋስ በቀላሉ የሚያማስለው።

ነፋሱ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ወደ 6 ሰዓት ተኩል፣ 7 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይነሣል። ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት የሚወጡት ለዚህ ነው። ነፋሱ ሲመጣ ዳር የሞቀውን ውሃ ከመሐሉ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ክራችሁንም እንደ ልጓም ይዞ ይጎትተዋል። ስለዚህ ከፀሐይና ከነፋስ መሐል የምትቀር አንዲት ጠባብ ጊዜ አለች። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል። በብርድ ወራት ያለችን እሷ ናት። እኔ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ፤ ሻዬን ከፔርሙዝ እቀዳለሁ፤ እጠብቃለሁ።

ውሃ አጠገብ የሚቆሙት ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ አያችኋቸው? እነሱ ክንፋቸውን አጥፈው መጥለቅ ሲጀምሩ እኔም ክሬን እጥላለሁ።

አሁን ስለ ምግቡ። ከስንዴ ዱቄት ጠንከር ያለ ሊጥ አቦካለሁ። በግንቦት መንጠቆዬ ላይ የማደርገው የሽምብራ ያህል ነው። በታኅሣሥ ግን የምስር ያህል ብቻ። መንጠቆውም ያንሳል፤ እርሳሱም 5 ግራሙ ይበቃል። ተንሳፋፊዬ አውራ ጣት የሚያህል የደንገል ቁራጭ ነው። ቀላል ስለሆነ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ይህ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ቆሮሶ በብርድ አይነጥቅም፤ ይቀምሳል። ባለፈው ቅዳሜ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ደንገሏ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሳትሰምጥ፣ ሳትነቃነቅ፣ ወደ ግራ አንድ ጣት ያህል ተንሸራተተች። ቆመች። እንደገና አንድ ጣት። አዲስ ሰው ቢሆን ነፋስ ነው ብሎ ይተወዋል። ነፋስ ግን አልነበረም፤ አጠገቧ ያለው የሣር ስባሪ አልተንቀሳቀሰም። ዘንጌን በመንጨቅ ሳይሆን፣ የተኛ ልጅ ከአልጋ እንደሚያነሡ ቀስ አድርጌ ከፍ አደረግኩ። ከበደኝ። ከዚያ ያ የማውቀው መንቀጥቀጥ በዘንጉ ወርዶ እስከ ክርኔ ደረሰ።

ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቆሮሶ ነበር። የጀርባው እሾህ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው መዳፌን ወጋኝ። የገረመኝ ቅዝቃዜው ነው። አንድ እጄን የሞቀው ድንጋይ ላይ አሳርፌ በሌላው ዓሣውን ይዤ ነበር። በዚያ ቅጽበት ሽማግሌው ያሉኝን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ወንድሜ የጎማ ዓሣም ልኮልኛል፤ ጅራቱ የሚወዛወዝ፣ ጣት የሚያህል። ይህ ለቆሮሶ አይሆንም፤ ቆሮሶ ዋና ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር (አልጌ) ነው። ለነጭ ዓሣ ግን ግሩም ነው። ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓይነት አይደለም፤ በጣና ውስጥ ከአሥር በላይ ዝርያ አለው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ የኛዎቹ እዚሁ ተነጥለው ሌላ ቦታ የማይገኙ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ሌላ ዓሣ አሳዳጅ ናቸው። በብርድ ግን እነሱም ለረጅም ሩጫ አቅም የላቸውም። "ትንሽ ጎትት፣ ተው፣ እስከ አሥር ቁጠር" ይለኛል ወንድሜ። እስከ አሥር መቁጠር ቀላል ይመስላል። እጅ ሲቆረፍድ አራት ላይ ደርሶ መጎተት ያምራል። እኔ አባታችን ሆይን እስከ መጀመሪያው አረፍተ ነገር እደግማለሁ፤ ያኔ ይደርሳል።

እነዚህን ነጭ ዓሦች ትንንሽ ሲሆኑ እለቃቸዋለሁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ስም የሌለው ጥፋት ነው። ሆዷ በእንቁላል የሞላን ዓሣ አንዴ ማውጣት የሚመጣውን ዓመት ሁሉ ማውጣት ነው። ዓይኑ ጠባብ ስስ የላስቲክ መረብ ዳር ዳሩን መትከልም እንዲሁ ጥፋት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ፤ እጣላለሁም። የምትለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አትያዙት። እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ያ ሙልጭልጭ ያለው ሽፋኑ ከተላጠ ይታመማል።

እጅ ካልኩ፣ ስለ እጅ አንድ ነገር ልጨምር። ከስድስት ዓመት በፊት ጥር ላይ ረጥቦ የከበደ ጋቢ ለብሼ፣ ጣቶቼ ሳይሰሙኝ መንጠቆ ልቋጥር ስታገል አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ስቃዩ ወዲያው አልተሰማኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። አሁን ጋቢውን ቤት ትቼ ቀጭን የሱፍ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት እለብሳለሁ። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ኪሴ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ አለ፤ ዓሣ በነካሁ ቁጥር እጄን አደርቃለሁ። ሌላኛው ኪሴ ውስጥ በሶ አለ። በጣና ውስጥ በሶ የሚባል ዓሣም አለ፤ የሳይንስ ስሙ ራሱ ይህንኑ የኛን ቃል ይዟል። ኪሴ ውስጥ ያለው ግን የገብሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቢልሃርዚያ፤ ውሃ ውስጥ ካለ ትንሽ ትል ስለሚይዘው በሽታ። ይህን ሳልናገር ብተው ኃጢአት ይሆንብኛል። ረፋድ ውጡ ብያለሁ። የሞቀው ዳር ላይ ቁሙ ብያለሁ። ነገር ግን ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ የሚበተነውም ፀሐይ ሲበረታ፣ በተለይ ቀትር አካባቢ ነው። የቆዳ ቀዳዳ አይፈልግም፤ ደህናውን ቆዳ በስቶ ይገባል። እኔ ውሃው ደስ ሲለኝ ጊዜ በባዶ እግሬ እገባ ነበር። ከወራት በኋላ ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ሳይመረምሩ አሜባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ያንኑ ደገሙልኝ። ሰውነቴ አለቀ። በሦስተኛው ሌላ ቦታ ሄጄ ሰገራዬ ሲታይ እንቁላሉ ተገኘ። ፕራዚኳንቴል በአንድ ቀን ዋጥኩ፤ ዳንኩ። ጣና ዳር የምትውሉ ሰዎች ሆዳችሁን ካመማችሁ "ውሃ ውስጥ እገባለሁ" ብላችሁ ተናገሩ፤ ምርመራም ጠይቁ። እኔ አሁን እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አለኝ። ብዙውን ጊዜ ግን ድንጋዩ ላይ ሆኜ ውሃውን አልነካውም።

አንድ ሌላ ነገር፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በጨለማ አትሂዱ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ወደ ውሃው የሚመለሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። በእሱና በውሃው መሐል መገኘት የለባችሁም። ማርፈድ ከዚህም ያድናል።

የገና ጾም ስለሆነ በዚህ ሰሞን ዓሣ ይወደዳል። እናቴ በጾም ዓሣ አትቀምስም፤ እኛ ቤት ግን ይበላል። ባለቤቴ ቆሮሶውን ፊሌቶ አውጥታ በብዙ ሽንኩርትና በዘይት ጉላሽ ትሠራዋለች፤ መጨረሻ ላይ ቃሪያ ትቆርጥበታለች። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጥልም፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሾርባ ይሆናል። ከብርድ የተመለሰ ሰው ያንን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ ነው ደረቱ የሚፈታው። ልጄ "ስንት ያዝክ?" ብላ አትጠይቀኝም፤ በሩ ላይ ሆና ፌስታሉን ነው የምትመዝነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ነበሩ። ሁለተኛውን 5 ሰዓት አካባቢ፣ ሦስተኛውን 6 ሰዓት ሳይሆን ያዝኩ። ከዚያ ውሃው ላይ የመጀመሪያዋ ሽክርክሪት መጣች፤ ቀጥሎ ሐይቁ ሁሉ ጠቆረ። ክሬን ጠቀለልኩ። ሽማግሌው ከነፋሱ ለመቅደም እየቀዘፉ ወደ ዳር መጡ። ታንኳቸውን ለመሳብ ወረድኩላቸው።

"ተነሡ?" አሉኝ።

"ሦስቱ ተነሥተዋል፣ አባባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጨረሻውን ሻይ በፔርሙዙ ክዳን ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ታንኳዋን አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን ወደ ላይ አወጣናትና ዛፍ ላይ አስደግፈን አቆምናት። ከደንገሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወርዶ፣ ትንሽ እንኳ ሳይፈስ ይደርቅ ነበር።